ከበሩ ኋላ

ከበራችን ኋላ፣ ከመጥረጊያው በላይ፣
አሮጌ ቦርሳ አለ፣ ሚስማር ላይ፤
ረድኤት ስምንተኛን ስትጨርስ የጣለችው፣
ዚፑ አልገጥም ቢል በመርፌ ቁልፍ የያዝኩት።
"መንገድ አለሽ?" ይለኛል የመጣ እንግዳ፣
"ወይስ ልትሰወሪ ነው፣ ከብዶሽ ዕዳ?"
እስቃለሁ። ምን ልበል፤
የደቻቱ ጎረቤት ማን አለ፣ መንገደኛ የማይመስል።

የቤቱ ካርታ አለ፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣
በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ የነጠላ ጥለት የታሰረበት፤
በሶ በጣሳ፣ ተምር በላስቲክ፣ ለተቅማጥ ለምለም፣
የደጀኔ የግፊት ክኒን፣ ያለሱ ማደር አይችልም፤
ክብሪት፣ ሰም የነከርኩት፣ እንዳይርስ፣
የእጅ ባትሪ፣ ገመድ፣ ቅያሪ ልብስ፤
መቶ ብር በዝርዝር፣
ባለባጃጁ በጎርፍ ቀን "መልስ የለኝም" ቢል እንዳልከራከር።
ከስሩ ጀሪካን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃዋን እለውጣለሁ፣
የከረመውን ለደጃፌ ኒም አጠጣለሁ።

ቀን ቀን ይኸ ወንዝ አሸዋ ነው።
ግመል ያቋርጠዋል፣ ጎረምሳ ኳስ ይለጋበታል፣
ባለልባሹ ጨርቁን ዘርግቶ ዋጋ ይጠራበታል።
ዝናቡም የኛ አይደለም።
ደንገጎ ላይ ነው ሰማይ የሚያስነጥስ፣
እኛ ነን እዚህ ታች፣ በጠራ ጨረቃ፣ የምንርስ።

አማቴ ጋሽ ተካልኝ፣ የባቡር ፍሬን ያዥ የነበሩ፣
ከሐዲዱ የተረፋቸው ፊሽካ ነው፣ አንገታቸው ላይ ከነክሩ።
"ጎርፍ ድንጋይ ሲያንከባልል ድምፁ ፉርጎ ነው" ይላሉ፣
"ፉርጎ በማያልፍበት ሰዓት ፉርጎ ከሰማችሁ፣ አልጋውን ጥሉ።"

ቡሄ ካለፈ በሳምንቱ፣ ግቢ አልጋ አውጥተን ተኝተን፣
ሽታ መጣ መጀመሪያ፤ የራሰ አፈር፣ የፍየል በረት፤
ቀጥሎ ፉርጎው፤
ቀጥሎ የጋሽ ተካልኝ ፊሽካ፣ ሦስቴ፣ ጭር ባለው ሌሊት።
መብራት ጠፋ።
ቦርሳውን አወረድኩ። ባትሪውን አውጥቼ ተጫንኩ።
ምንም። ደግሜ ተጫንኩ።
ሆዱ ባዶ ነው።
ድንጋዩን ኪሩቤል ለሪሞት ወስዶታል፣ ማክሰኞ፣ ለኳስ፣
"ነገ እመልሰዋለሁ" ብሎ፤ ያ ነገ እስካሁን አይደርስ።
ስድስት ዓመት የሰቀልኩት፣ ስድስት ዓመት የኮራሁበት፣
በጨለማ ባዶ ቀፎ ጨብጬ ቀረሁበት።

"ናያ!" አለች ከአጥር ወዲያ ሃሊሞ፣
የስልኳ መብራት በእጇ፣ መሰላሏ ከጣራው ተደግፎ ቆሞ።
መሰላል! ለካ ቦርሳ ውስጥ አይገባም።
ጋሽ ተካልኝን እኛ ከታች ስንገፋ፣ እሷ ከላይ ስትስብ፣
"ቀስ! ቁልቁለት አይደለም" ይላሉ፣ ያኔም ስለ ፍሬን ሲያስቡ።
ቆርቆሮው ላይ ተደረደርን። በሶውን በደረቁ ቃሙት ልጆች፤
ተምሩን ለሃሊሞ ሰጠኋት፤ ፍሬውን ወደ ጎርፉ እየተፋች፣
"ኪሎው ስንት ነው?" አለችኝ፣ ታይዋን ገበያ ያለች መስሏት፤
ሳቅን። እንዴት እንደሳቅን እኔ እንጃ፣ በዚያ ሌሊት።

ውኃው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤
መጥረጊያውን ወሰደ፣ ጀሪካኗን ወሰደ፣
ከቅዳሜ ቅዳሜ የለወጥኩትን፣ ወደ ራሱ ደባለቀ።
ከኛ በታች ስላሉት ቤቶች ግን ዛሬ አልጽፍም፣
እጄ አይታዘዝም።

አሁን ቦርሳው ሚስማሩ ላይ ነው።
ድንጋዩ ከባትሪው ተለይቶ፣ በላስቲክ፣ ለብቻው፤
ኪሩቤል በአጠገቡ ሲያልፍ ዓይኑን መሬት ይተክላል።
ከተሰበረው አልጋ መሰላል መትቷል፣
አንዱ ደረጃ ይወዛወዛል።
በኪሱ የሃሊሞ ቤት ቁልፍ አለ፤ የኔም ከሷ ዘንድ፣
ከሒና ጣሳዋ ውስጥ።

ማታ ጋሽ ተካልኝ ፊሽካቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ይወለውላሉ።
ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የጥጥ ብናኝ እንኳ የለም።
"ዛሬስ ሰላም ነው" እላቸዋለሁ።
"ደንገጎን አየሽው?" ይሉኛል።
አላየሁም።